ደምሰው ድንጋይ ሲሰብር የዋለበት አርብ

ባለፈው ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ተሳቢ መኪና ደጃፌ መጥቶ ቆመ። ጅቡቲ ከተማ ዳር፣ ፒኬ አስራ ሁለት በሚባለው ከባድ መኪኖች በሚያድሩበት ሰፈር ለሾፌሮች ምግብ መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዘመኔ ነው፤ ስንዴ የጫነ፣ ማዳበሪያ የጫነ፣ ብረት የጫነ ሲመላለስ አያለሁ። ይሄኛው የጫነው ግን የመሬት መቦርቦሪያ ማሽን ነበር። ከላዩ ወጣቶች ወረዱና ፓስታ በስጎ አዘዙ። አንደኛው የአገሬ ልጅ ነው። “ውኃ ልትቆፍሩ ነው?” አልኩት።

“የለም እትዬ ጽጌ፣ ወርቅ ነው የምንፈልገው። አርታን አልፈን እንሄዳለን” አለኝ፣ ፊቱ እያበራ።

ስጎ ደርቤለት ወደ ጓዳ ገባሁ። ድስቱ እየፈላ ነበር፤ እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። የልጅነት ፍቅሬ ደምሰው ትዝ አለኝ።

ያኔ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነው። እዚሁ ከተማ፣ ራስ ዲካ በሚባለው ሰፈር አጠገብ፣ ባሕሩ ከሰገነቱ በሚታይ ቤት፣ ማዳም ሶላንጅ የምትባል ፈረንሳዊት ዘንድ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ማዳም ፀጉሯ የሸበተ፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ግን ተራራ ስታይ ሕመሟን የምትረሳ የሥነ ምድር ባለሙያ ነበረች። አንድ ኩባንያ ወርቅ እንድትፈልግለት ቀጥሯታል። ቤቱ ድንጋይ በድንጋይ ነበር። መስኮት ላይ ድንጋይ፣ መታጠቢያ ቤት ድንጋይ፣ አንዳንዴ ማቀዝቀዣው ላይ ከቲማቲሙ ጎን ድንጋይ። አቧራ ስጠርግ እያንዳንዱን አንስቼ ወደ ቦታው እመልሳለሁ፤ ፈረንሳይኛም የተማርኩት ስለ እነሱ እየጠየቅኳት ነው።

አልዋሽም፣ ልቤ ግን እዚያ ቤት አልነበረም። የትም አልነበረም። ሥራዬን ጨርሼ ሰገነቱ ላይ እወጣና ወደብ ውስጥ ተራቸውን የሚጠብቁትን መርከቦች አያለሁ። አንዱ ሲንቀሳቀስ እስኪጠፋ ድረስ በዓይኔ እከተለዋለሁ። በየወሩ “በሚቀጥለው ወር እሄዳለሁ” እላለሁ። የት እንደምሄድ ግን አላውቅም ነበር።

ደምሰውን የወደድኩትም ለዚህ ይመስለኛል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለስ ሾፌር ነበር። ሲመጣ ከድሬዳዋ ማንጎ በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣልኛል፤ ከመኪናው ሙቀት የተነሳ ማንጎው ለብ ብሎ፣ ጭማቂው ጋዜጣውን አርሶት ነው የሚደርሰው። ተቀምጦ መብላት አይችልም። ቆሞ ይበላል፣ ቆሞ ያወራል፣ እያወራ ዓይኑ መንገድ መንገዱን ያያል። ሽማግሌ ወደ እናቴ ሊልክ ተነጋግረን ነበር።

አንድ ቀን ከቡላኦስ ገበያ ዓሣ ገዝቼ ስመለስ መንገድ ላይ ጠበቀኝ።

“ጽጌዬ፣ ሴትየዋ አገኘች አይደል? ሰው ሁሉ ያወራል።”

“ነጭ ድንጋይ ነው ያገኘችው። ወርቅ አለበት ትላለች።”

“ቦታውን ብቻ ንገሪኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።”

ምን ብዬ ልንገረው? ብነግረው እንጀራዬን የሰጠችኝን ሴት መክዳት ነው፤ ባልነግረው ደግሞ እሱ ይርቀኛል። ሁለት ቀን ሳወጣና ሳወርድ ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን ቁርስ ሳቀርብ ሁሉንም ነገር ለማዳም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ቡናዋን አስቀመጠችና “አርብ አምጪው። ራሱ ይየው” አለች።

ግንቦት ነበር፣ ሙቀቱ ከተማውን መጨቆን የጀመረበት ወር። በጠዋት ተነሳን። መኪናውን የሚነዳው የማዳም ሾፌር ሁመድ ነው፣ አማርኛ የሚሰባብር የአፋር ሰው። ባጌት ዳቦ፣ ሰርዲን፣ ተምርና በጄሪካን ውኃ ይዣለሁ። አርታን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ አገሩ ጥቁር ሆነ፤ ገና ትናንት ቀልጦ የረጋ የሚመስል ድንጋይ፣ ከታች ደግሞ ባሕሩ ሰማያዊ። አንድ ቦታ ላይ ነጭ ሸንተረር ታየ። ደምሰው ከመቀመጫው ብድግ አለ።

ማዳም ሳቀች። “እሱ ጂፕሰም ነው። ከሱ ወዲያ ያለው ግራጫው ደግሞ ሲሞቅ እንደ ፈንዲሻ የሚያብጥ ድንጋይ ነው። ወደ ውስጥ ከሄድን ጨው አለ። ይህን አገር የሚጠቅሙት እነዚህ ናቸው፤ ሲሚንቶ ይሆናሉ፣ ግድግዳ ይሆናሉ።”

ስተረጉምለት ደምሰው ራሱን ነቀነቀ። “ለጂፕሰም ብሎ አገሩን ጥሎ የሚሄድ ማን አለ?”

ቦታው ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ ገና ግማሽ መንገዷ ላይ ነበረች። ቡናማውን ገደል ሰንጥቆ የወጣ ነጭ ድንጋይ ነው፤ ጠጋ ብለው ሲያዩት እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ነው። ማዳም መዳፏን አስደግፋበት ማስረዳት ጀመረች፣ እኔ እተረጉማለሁ።

“ዝናቡና የባሕሩ ውኃ በስንጥቁ ወደ ታች ይገባል። እዚህ ከመሬቱ ሥር ያለው እሳት ሩቅ አይደለም። ውኃው ይግላል፣ ከድንጋዩ ወርቁን እያሟሟ ይዞ ወደ ላይ ይመለሳል። መሬቱ ጋ ሲቃረብ ይፈላል፤ ሲፈላ የያዘውን ይጥላል። ይህ ነጩ ውኃው የወጣበት መንገድ ነው።”

“ታዲያ ወርቁ የታለ?” አለ ደምሰው።

“እያየኸው ነው። ዓይን የማይለየው ደቃቅ ሆኖ ውስጡ ተበትኗል። ብዙ ድንጋይ ተፈጭቶ፣ በኬሚካል ታጥቦ ነው ትንሽ የሚገኘው።”

“ሻኪሶ ሰው በገበቴ አጥቦ ያወጣ የለ እንዴ?”

ማዳም ትንሽ አሰበች። “እዚያ ድንጋዩ አሮጌ ነው። ወንዙና ዝናቡ ከጥንት ጀምሮ ሲፈጩት ኖረዋል። ወርቁ ከባድ ስለሆነ አሸዋው ሲሄድ እሱ ከጠጠሩ ሥር ይቀራል። እዚህ ወንዝም የለ፣ ድንጋዩም ገና ልጅ ነው።”

ቃል በቃል ተረጎምኩለት። እሱ ግን ፊቱን አይቼ እንዳላመነ አወቅኩ። መዶሻዋን ለመናትና መስበር ጀመረ። ሁመድ ሳቀበት። ማዳም ጥላ ፈልጋ ተቀመጠች። ደምሰው ይሰብራል፣ አንስቶ ወደ ፀሐይ ያዞራል፣ ይጥላል፣ ሌላ ይሰብራል። ሸሚዙ ላይ ላቡ ደርቆ ነጭ የጨው መስመር ሠራ። የተሰነጠቀው ድንጋይ እንደ ጠርሙስ ስለት ነው፤ ጣቶቹ ደሙ። “ብላ” ብለው አይሰማም፣ “ጠጣ” ብለው አይሰማም።

ከዚያ ከገደሉ ሥር ጎድጎድ ያለ ቦታ አየና በሆዱ እየተሳበ ገባ። እግሮቹ ብቻ ቀሩ። ከላዩ ያን ሁሉ ድንጋይ የተሸከመ ጣሪያ፣ ከሥሩ የመዶሻው ድምፅ።

ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ጮኽኩ። የራሴ ድምፅ አልመሰለኝም። ሮጬ ሄጄ ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶቹን ያዝኩና ጎተትኩት፤ ሁመድም መጥቶ አገዘኝ። ደምሰው አቧራ ለብሶ፣ ተቆጥቶ ወጣ።

“ምን ሆነሻል! አበድሽ?”

“አባቴ እንዲህ ነው የሞተው” አልኩት።

ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ሻኪሶ አጠገብ፣ በየበጋው ወንዝ ዳር እየቆፈረ፣ “ይህች የመጨረሻዬ ናት” እያለ ሲሄድ፣ አንድ ጠዋት ጠጠሩ ተንዶ ላዩ ላይ ወደቀ። ሰዎች ሲያወጡት እኔ እናቴ ጀርባ ቆሜ መጀመሪያ ያየሁት እግሮቹን ነው። ይህን ሁሉ መሬት ላይ ተቀምጬ ነገርኩት። ደምሰው በደማ እጁ ራሴን ደባበሰኝ። ገደሉ አልተናደም፤ አንዲት ጠጠር እንኳ አልወደቀችም። ባጌታችንን በልተን ተመለስን።

አበቃ ብዬ ነበር። ከሁለት ምልልስ በኋላ መጣና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብሎ አናገረኝ።

“ሴትየዋ እውነቷን ነው” አለ። “እዚህ ወርቁ ድንጋይ ውስጥ ተቆልፏል። እዚያ ግን ወንዙ ፈጭቶ አስቀምጦታል። መኪናውን አስረክቤያለሁ። ወደ ሻኪሶ እሄዳለሁ፣ አብረሽኝ ነይ። አገርሽ አይደል?”

ያቺ ዕለት የተረጎምኳት እያንዳንዷ ቃል መጣችብኝ። ሊያቆመው ይችላል ያልኩት ነገር መንገድ ነበር ያሳየው።

“አባቴ የተቀበረበት አልመለስም” አልኩት።

“እኔ ጉድጓድ አልገባም፤ ወንዝ ውስጥ ብቻ ነው የማጥበው።”

“እሱም እንዲህ ነበር የሚለው።”

ከዚያ ተነሣ፣ ግንባሬን ሳመኝና በጠራራው ፀሐይ ወጥቶ ሄደ። ሰገነት ላይ ወጥቼ ላየው ፈለግኩ፤ መንገዱ ግን በዚያ በኩል አይታይም።

ማዳም ከመጀመሪያውም “ወደ ታች ይሳሳ ይሆናል” ብላ እንደፈራችው ሆነ። ኩባንያው ሲቦረቡር ነጩ ድንጋይ ወደ ታች እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ፤ ማሽኑን ነቅለው ሄዱ። እሷም ጉልበቷ ሲብስባት አገሯ ገባች። የደምሰውን ወሬ ሾፌሮች ያመጡልኝ ነበር። በመጀመሪያው በጋ ቀንቶታል አሉ። ቀጥሎ አሶሳ ታየ አሉ። ከዚያ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ገብቷል አሉ። ከዚያ ወዲያ ያየው ሰው አላገኘሁም። እኔም አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ፤ ልጆቼ ፈረንሳይኛውን ከእኔ አስበልጠው ይናገራሉ።

ደምሰውን የሚያውቁት ሁሉ ወርቅ ወሰደው ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ወርቅ ባይኖር ሌላ ነገር ይወስደው ነበር፤ ያ ሰው ከመጀመሪያውም መቆም አይችልም ነበር። ይህን የማውቀው በሽታው እኔም ላይ ስላለ ነው። በዚህ ዕድሜዬ እንኳ በጠዋት የመኪኖቹ ሞተር ሲነሣ እጄን ከሊጡ አውጥቼ ደጅ እወጣለሁ፤ የት እንደሚሄዱ ሳላውቅ አብሬያቸው መሄድ ያምረኛል። በኔና በሱ መካከል የነበረው ልዩነት እኔ እነዚያን የአባቴን እግሮች ማየቴ ብቻ ነው። ያ ፍርሃት አዳነኝ ይሁን አስቀረኝ፣ ይኸው እስከ ዛሬ መለየት አቅቶኛል።