ብቻውን የሚበላው ታዛቢ

መርከባችን ዓሣ የምታጠምደው የበረዶ ተራሮች በሚንሳፈፉበት የዓለም ጫፍ፣ በአገሮች ስምምነት ነው። ስምምነቱ አንድ ታዛቢ አብሮን እንዲጓዝ ያስገድዳል። እሱም ያጠመድነውን ይመዝናል፤ ከልክ ካለፍን ይመሰክርብናል። ስለዚህ ከዕለት ምግቡ በቀር ከእኛ ምንም አይቀበልም።

እኔ የመርከቧ ምግብ አብሳይ ነኝ። የታዛቢው ሹራብ ክርኑ ላይ ተቀዶ አይቼ መርፌና ክር ብሰጠው፣ «እግዜር ይስጥህ ወንድሜ፣ አይፈቀድልኝም» ብሎ መለሰልኝ። ኩራት መስሎኝ ቂም ያዝኩበት። ሁልጊዜ ሳህኑን ይዞ ወደ ክፍሉ ይገባል።

እኛ ከራት በኋላ እንጫወታለን። መካኒኩ የአማቱን ነገር ሲያወራ በሳቅ ፍርስ እንላለን። ታዛቢው ብቅ ካለ ግን ሁላችንም ጭጭ ነው።

ወደብ የደረስን ዕለት ሻንጣውን አንግቶ ጠጋ አለኝ።

«የመካኒኩ አማት ጣሪያው ላይ ከወጡ በኋላ ምን ሆኑ? ሞተሩ ጮኸና መጨረሻው አመለጠኝ።»

ክፍሉን ከመመገቢያችን የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ እንደሆነ ያኔ ትዝ አለኝ።

መጨረሻውን ነገርኩት። ሳቁ እንዳያመልጠው ከንፈሩን ነክሶ በመወጣጫው ወረደ። ሁለቱም እግሮቹ መሬት ከረገጡ በኋላ፣ ጀርባውን እንደሰጠን፣ ብቻውን ቆሞ ሳቀ።