ከታች በስተቀኝ የቆመው ቀይ ቀበሮ

ባለፈው ቅዳሜ ጎባ ባለው ቤቴ ወጥ ቤት ቆሜ ድንች ስልጥ፣ ከሳሎን ሦስት አጫጭር ድምፆች ሰማሁ፤ ቲን፣ ቲን፣ ቲን። ከዚያ አንድ ረዥም። ቢላዋው ከእጄ አልወደቀም፤ እንዲህ ያለው ነገር በወሬ እንጂ በሰው ላይ ሲደርስ አይቼ አላውቅም። ግን የክንዴ ፀጉር ሁሉ ቆመ።

እጄን ሳልጠርግ ወደ ሳሎን ሄድኩ። ልጄ ሶሊያና ከጊኒር በአውቶቡስ የተላከልኝን ካርቶን ሳታስፈቅደኝ ከፍታ፣ ያረጀውን የጌም ማሽን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝታዋለች። ዓይኔ ሌላውን ሁሉ ትቶ ወደ ስክሪኑ ታችኛ ጥግ፣ በስተቀኝ ሄደ። እዚያ ማንም የለም። ልጄ ብቻዋን ስለምትጫወት ስክሪኑ እንኳን እንደ ድሮው ለአራት አልተከፈለም። እኔ ግን ልጅ ሳለሁ ዓመታት ሙሉ እዚያ ጥግ ላይ አንድ ሰው ሲጠብቅ አይቻለሁና ሳላይ ማለፍ አልችልም።

ካርቶኑን የላከችው የአዳዳ ሩቂያ የእህት ልጅ ናት። በስልክ፣ "ከማረፏ በፊት ላንቺ ይድረስ ብላ ነበር" አለችኝ።

አዳዳ በኦሮምኛ አክስት ማለት ነው። ሩቂያ የሥጋ አክስቴ አልነበረችም። እናቴ ለሥራ ተመድባ ከደሴ ሮቤ የመጣች ነርስ ነች፤ ተረኛ በሆነች ቁጥር እኔን የምታውለኝ ጎረቤታችን ሩቂያ ነበረች። መጀመሪያ አንቱ ስላት፣ "ምነው፣ ገና ሳላገባ ልታስረጂኝ ነው?" ብላ ተቆጣችኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንቺ አልኳት። ረዥም፣ ቀጭን፣ አረንጓዴ ሻርፕ ከራሷ የማይለይ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ሴት ነበረች። ከታናሽ ወንድሟ ከጀማል ጋር ከመናኸሪያው ጀርባ ጌም ቤት ነበራቸው።

ያ ክፍል አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ቴሌቪዥኑ ሲሞቅ የሚያወጣው የተቃጠለ አቧራ ሽታ፣ የእርጥብ ሹራብ ሽታ፣ ከጀማል ኪስ የማይጠፋው የገብስ ቆሎ። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ሰማያዊ ተቀብቶ ከታች በኩል ተልጧል። ጥግ ላይ በበግ አጎዛ ላይ የሁለቱ እናት፣ አዮ ፋጡማ፣ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ይቀመጣሉ። በሩ ሲከፈት ከሰው በፊት ጉም ይገባል። የመጣው ማን እንደሆነ የምናውቀው ደፉን ከተሻገረ በኋላ ነው።

ጨዋታው እንስሳት ትንንሽ መኪና እየነዱ የሚሽቀዳደሙበት ነው። የውጭ ስሙን ማንም በትክክል አይጠራውም፤ እኛ መናኸሪያው በር ላይ ከሚደረደሩት የፈረስ ጋሪዎች ወስደን "ጋሪ" አልነው። የመጀመሪያው ጋሪ በካሴት የሚገባ ነበር፤ ካሴቱ እምቢ ሲል ጀማል አውጥቶ እፍ ይልበታል። ሾፌሮቹ ከወረቀት የተቆረጡ ይመስላሉ፤ ሲታጠፉ ጎን የላቸውም። ሁለተኛው በሲዲ መጣ። እንስሳቱ አካል አወጡ፣ ጅራታቸው ተወዛወዘ፣ ሌላ መኪና በአጠገባቸው ሲያልፍ አንገታቸውን አዙረው ማየት ጀመሩ። በጉም የተሸፈነ የተራራ መንገድም ተጨመረበት። ማሽኑ ሩቁን ለመሳል አቅም ስላልነበረው ሠሪዎቹ በጉም እንደሸፈኑት የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ለእኛ ለሮቤ ልጆች ግን መንገድ ማለት ያው እንደዚያ ነበር፤ በሲናና በኩል ያለው የስንዴ ማሳ ሁሉ ጠዋት ጠዋት ይጠፋ የለ!

ጀማል የሚመርጠው ሁልጊዜ ቀይ ቀበሮውን ነው። "የሳነቴ ልጅ ነው፣ የአገሬ ሰው" ይላል፤ ሳነቴ ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት የባሌ ተራራ አናት ነው። አንድ ከሰዓት አራት ሆነን ልንጀምር ስንል ከውጭ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ጀማል ጆይስቲኩን በርጩማው ላይ አስቀመጠና፣ "ቦታዬን ማንም እንዳይነካብኝ፤ መጣሁ" ብሎ ወጣ። ሻይ ሊጠጣ የሄደ መስሎን ነበር። እሱ ግን በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ነበር የሄደው። አንድ ጊዜ ከመንገድ ደወለ። ከዚያ በኋላ ስልክም የለ፣ ወሬም የለ።

ሩቂያ ቦታውን ጠበቀችለት። ሥርዓቱ ይኸው ነበር፤ ሦስታችን እንጫወታለን፣ አራተኛው ጆይስቲክ ሁልጊዜ ይሰካል። እሷ ብቻ ታነሳውና "ቢስሚላህ" ብላ ቀበሮውን ትመርጥለታለች፣ መልሳ በርጩማው ላይ ታስቀምጠዋለች። ሌላ ሰው አይነካውም። ሦስቱ ድምፅ ሲያበቃ እኛ እንፈተለካለን፣ ቀበሮው ለአራት ከተከፈለው ስክሪን ከታች በስተቀኝ መነሻው ላይ እንደቆመ ይቀራል። ዞረን ስንመጣ አሁንም እዚያው ነው። ጅራቱን ያወዛውዛል፣ ዓይኑን ያርገበግባል፣ እያንዳንዳችን ስናልፈው ደግሞ አንገቱን አዙሮ ይከተለናል። የሠፈራችን ልጅ አብዲ በጣም ፈጣን ነበር፤ ግን መነሻው ጋ ሲደርስ ዓይኑን ይጨፍናል። ፈሪ እንለው ነበር። እኔም እጨፍን ነበር።

አንድ የክረምት ቀን በጉሙ መንገድ ስንዞር ቀበሮው ቦታው ላይ የለም። ሌላ ዙር ሄደን ስንመጣ አገኘነው፤ መንገድ ዳር ካለው የገደል ግድግዳ ጋር ፊቱን አጣብቆ፣ ሞተሩ እያጉረመረመ፣ በዝግታ ይገፋል። አብዲ ጮኸና ጆይስቲኩን ጥሎ ወጣ። ሩቂያ ግን አልደነገጠችም። በማግስቱ ጠጋኝ አምጥታ ጆይስቲኩን አሳየችው፤ ሰውየው የነዳጅ መስጫው ቁልፍ እንደደከመ፣ ሲበርደው ተጭኖ እንደሚቀር ነገራት። "ብዙ የሠራበት ሰው ነው ያደከመው" አላት። ሊቀይርላት ሲል ከእጁ ተቀበለችው።

"ተወው። የጀማል አውራ ጣት ነው እኮ የሚገፋው" አለች።

ያን ስትናገር ያየሁት አዮ ፋጡማን ነው። ሙስበሃው ቆመ። አሮጊቷ ለልጃቸው አልቅሰው አያውቁም፤ በዚያ ቤት ማልቀስ ክልክል ነበር። ዓይናቸው እንባ ሲያቀር ጭስ ነው ይላሉ፤ እሳት ሳይነድ።

የኋላ ኋላ የሩቂያ አጎት ሐጂ ቃሲም ከጊኒር መጡ። እኛ ስንጫወት በር ላይ ቆመው፣ "ሩቂያ፣ ልጁ ከጠፋ ስንት ክረምት አለፈ። ዱዓ ይደረግለት፣ ሰደቃ ይውጣለት። ይቺ እናትሽም ታልቅስና ይውጣላት" አሏት።

ሩቂያ ወደ ስክሪኑ አመለከተች። "ራስዎ ይዩት፣ አጎቴ። ቦታው ላይ ነው። ገና ላልጨረሰ ሰው ሰደቃ አላወጣም።"

ሐጂ ቃሲም አዩት። ቀበሮው አንገቱን አዞረ። ሽማግሌው "አዑዙ ቢላህ" ብለው ጉሙ ውስጥ ገቡ።

ሦስተኛው ጋሪ የመጣው እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ነው። መኪኖቹ ጣራ ላይ ተገልብጠው ይሄዳሉ፣ ውኃ ውስጥ ይገባሉ፣ ጆይስቲኮቹ ገመድ የላቸውም። ሩቂያ የጀማልን አሮጌ ጆይስቲክ ከአዲሱ ማሽን ጋር የምታገናኝ ትንሽ ሳጥን ከአዲስ አበባ አስመጣች። የድሮው የተራራ መንገድም ታድሶ ተመልሷል። ማሽኑ አሁን ሩቁን መሳል ይችላል፤ ጉሙን ግን አልተዉትም።

በመጀመሪያው ቀን ቤቱ ሞልቶ ነበር። እኔ፣ አብዲና አንድ ሌላ ልጅ ተቀመጥን። ሩቂያ የጀማልን ጆይስቲክ አነሳች። ያን ቀን ከወትሮው ረዘም አድርጋ ያዘችው፤ በአውራ ጣቷ ወዲህ ወዲያ ትላለች፣ አዲስ ስለሆነባት መስሎኝ ነበር። ቢስሚላህ አለችና በርጩማው ላይ አስቀመጠችው።

ቲን፣ ቲን፣ ቲን።

ቀበሮው ሄደ። መጎተት አልነበረም፤ እንደ ሰው ነዳ። መታጠፊያው ሲደርስ ታጠፈ፣ ገደሉ አፍ ላይ ሲደርስ ተመለሰ፣ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ወጣ። በርጩማው ላይ ጆይስቲኩ እንደተቀመጠ ነው፤ አጠገቡ ማንም የለም። ከዚያ አንዱ "ጀማል!" ብሎ ጮኸና ሁሉም ተከተለ፤ ጣራው እስኪነቃነቅ አጨበጨብን። የእኛ መኪኖች ቆመው ቀርተዋል፤ ማን ይነዳል! ቀበሮው የመጨረሻውን ዙር ዞሮ መስመሩን አለፈ፣ እጁን አነሳ፣ የእሱ ጥግ ጠቆረ።

ሩቂያ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ጭብጨባችን መሐል ወደ እናቷ ሄዳ ተንበረከከች።

"አዮ፣ ጨርሷል" አለች። "አሁን አልቅሺለት።"

ከአዮ ፋጡማ የወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ በፊትም በኋላም እንዲህ ያለ ለቅሶ አልሰማሁም። ልጆቹ አንድ በአንድ ወጡ። በማግስቱ ጌም ቤቱ ተዘጋ፣ በግ ታረደ፣ ሐጂ ቃሲምና ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ዱዓ አደረጉ። በሳምንቱ ሲከፈት አራተኛው ጆይስቲክ አልተሰካም። ሩቂያ መልሳ ትስቅ ጀመር፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ።

እኔ ግን ለዓመታት ስለዚያ ቀን ለማንም ሳልናገር ኖርኩ። ማን ነበር የነዳው?

"ማሚ፣ ይሄን ምርጫ አየሽው?" አለች ሶሊያና፣ ባለፈው ቅዳሜ። "ለሕፃናት ነው። ሳትነኪው ራሱ ይነዳልሻል።"

በርጩማ ፈልጌ ተቀመጥኩ። "ሁልጊዜ ነው የሚነዳው?"

"አይ፣ ከመነሳቱ በፊት ይቺን ቁልፍ ካልተጫንሻት ዝም ብሎ ይቆማል። ደግሞ በራሱ በተጫዋቹ ጆይስቲክ ነው የምትጫኛት። የእኔን ብጫን ያንቺ አይሄድም።"

የጀማልን ጆይስቲክ ከሩቂያ በቀር የነካ የለም። ተሳስታ ነው እንዳልል እንዴት አድርጋ እንደያዘችው አይቻለሁ። አውቃ ነው እንዳልል ደግሞ ፊቷን አይቻለሁ። ምናልባት እጇ የሠራውን ዓይኗ አላመነ ይሆናል።

ካርቶኑ ታች አረንጓዴው ሻርፕ ነበር፣ ተጠቅልሎ። ስፈታው አሮጌው ጆይስቲክ ወጣ፣ ከማገናኛው ሳጥን ጋር። የነዳጅ መስጫው በአውራ ጣት ልክ ጎድጉዷል።

"የማን ነው?" አለች ልጄ።

"የጀማል የሚባል ሰው ነው። ቀይ ቀበሮውን ምረጪለት።"

ሰካችው፣ መረጠችለት። የጉሙ መንገድ መጣ። ጣቷን ቁልፏ ላይ አድርጋ ቀና ብላ አየችኝ፤ "ልጫናት? ካልተጫንኳት እዚያው ይቆማል።"

"ጫኛት፣ ይሂድ" አልኳት።

ጆይስቲኩን ሻርፑ ላይ አስቀመጠችው። ቀበሮው ተነሳ፣ የመጀመሪያውን መታጠፊያ ያዘ፣ ጉሙ ውስጥ ገባ። እሱ እስኪጨርስ ድረስ እኛ መኪናችንን ከመነሻው አላንቀሳቀስንም።