የንጉሡ ልጅ ሌክውድ መጣች

ባለፈው ቅዳሜ ዴንቨር አጠገብ፣ ሌክውድ፣ ጋሽ ወርቁ ሳሎን ውስጥ፣ ለእርቅ የሄድን ሦስት ሽማግሌዎች ቆመን ቀረን...

ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ጋሽ ወርቁ ደግሞ እሺ አይሉም። ሃያ ደቂቃ አለፈን። የእኔ ጉልበት ድሮም ደህና አይደለም።

ጠቡ የተነሳው በገና ዕለት ነው። ጋሽ ወርቁ ዴንቨር ላይ ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። አማቻቸው ብሩክ እንግዳ በተሰበሰበበት «ጋሼ፣ ዓይንዎ ደከም ብሏል፤ ከእንግዲህ ሃይዌይ ላይ ባይነዱስ?» አላቸው። ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። ከዚያ ወዲህ የብሩክን ደጃፍ አልረገጡም። በመሃል ልጃቸው ሰናይት ሴት ልጅ ወለደች። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን ያዩት በስልክ ብቻ ነው። እሁድ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ትነሳለች... አያቷ ግን አልመጣም ብለዋል።

«ለልጅቷ ሲሉ» አልን።

«ለልጅቷ እጸልያለሁ። እሱ ቤት ግን አልሄድም።»

በሩ ተንኳኳ። ሰናይት ናት፤ ሕፃኗን በመኪና መቀመጫዋ፣ በካር ሲት፣ አንጠልጥላ።

«አንቺ! አራስ አይደለሽም እንዴ? ምን ብለሽ ወጣሽ?»

«ተልኬ ነው አባዬ» አለችና መጥታ ከእኛ ጎን ቆመች። አራተኛ ሽማግሌ ሆነች።

«ሴት ልጅ ሽማግሌ ሆና አታውቅም» አሉ አባቷ።

«ሆናለች እንጂ! ኮሌጅ የሂስትሪ ክላስ እየወሰድኩ አይደል? የምጽፈው ፔፐር ስለ አንዲት የንጉሥ ልጅ ነው።» ቆማ ነገረችን። ከስምንት መቶ ዓመት በፊት አንድ የእንግሊዝ ንጉሥ ልጁን ለዌልስ መስፍን ዳረ። በኋላ አማችና አማት ተጣሉና ንጉሡ ጦር ይዞ ዘመተ። መስፍኑ እንደማይችለው ሲያውቅ ሚስቱን ለእርቅ ወደ አባቷ ላካት።

«መኳንንት የለውም? ሚስቱን ይልካል?» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«መኳንንትማ ሞልቷል። የሁለቱም ቤት ሰው የሆነችው ግን እሷ ብቻ ናት።»

ሕፃኗ አዛጋች። ጋሽ ወርቁ እንዳላዩ ሆነው አዩዋት።

«እና... ንጉሡ እሺ አላት?»

«አላት። ግን በነፃ አይደለም። ሰፊ መሬትና ብዙ ከብት ወሰደ። ታጋችም ጨምሮ።»

«ደግ አደረገ!»

ሦስታችንም ሳቅን፤ ቆመው የሚስቁ ሽማግሌዎች አይታችሁ አታውቁም።

«ለመሆኑ የላከሽ ሰውዬ የት ነው?»

«ውጭ ነው። መኪናውን ፓርክ አድርጎ እየጠበቀ ነው።»

ጋሽ ወርቁ ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው እኔም ውል አለኝ። ነገ ልጅቷን ቤተ ክርስቲያን የማደርሳት እኔ ነኝ። በሱ መኪና። እሱ ከኋላ ይቀመጣል። ስለ አነዳዴ ትንፍሽ አይልም። ጥሩት!»

ብሩክ ገብቶ ጉልበታቸውን ሳመ፤ ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጣቸው። እኛም በመጨረሻ ተቀመጥን። ሕፃኗ የት እንደተቀመጠች መናገር አያስፈልግም፤ እስክንወጣ ድረስ ከአያቷ ጭን አልወረደችም።

እሁድ ጠዋት ከነብሩክ ቤት፣ ከፒዮሪያ ስትሪት፣ ከኋላቸው ተከትዬ ነዳሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ከተማውን አቋርጦ ወዲያ ማዶ ነው፤ በሃይዌይ ሃያ አምስት ደቂቃ ቢወስድ ነው። የሃይዌዩ ምልክት ደረሰ... ጋሽ ወርቁ ፍሬቻ አላሳዩም። ቀጥ ብለው አለፉት። የኮልፋክስን ጎዳና ይዘው፣ በየመብራቱ እየቆሙ፣ ዴንቨርን ከዳር እስከ ዳር አቋረጡ። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብን።

ግቢው ውስጥ ጠጋ ብዬ «ሃይዌዩን ምነው ተዉት?» አልኳቸው።

«ልጅ ይዤ?» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ።

ብሩክን ቀስ ብዬ «ተናገርክ እንዴ?» አልኩት።

«ኧረ ጋሼ! ውል አለብኝ» አለ፤ ሳቁን ግን መያዝ አቃተው።

ሰናይት እንደነገረችን፣ የክላሷ መጽሐፍ ስለዚያች የንጉሥ ልጅ ያለው ሁለት መስመር ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ስድስት ገጽ ጻፊ ተብላለች። የቀረውን ከአባቷ ቤት አገኘችው መሰለኝ።

የእንግሊዙ ንጉሥ የወሰደውን መሬት ይዞ ሄደ... የሌክውዱ ንጉሥ ግን ያስመለሱትን ሃይዌይ ሳይነኩት አለፉ።