«በሞቴ» የማይባልበት ደሴት

ከዚህ በፊት ደብዳቤ እንኳ ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ያቋረጥኩ፣ አስተማሪ ፊት ስሜን ለመናገር የማፍር ልጅ ነበርኩ። አሁን የምጽፈው የአገሬ፣ የአምበርና የአማኑኤል ከተማ ልጆች በደወሉ ቁጥር «እዚያ ምን ትበያለሽ?» ስለሚሉኝ ነው። አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል። የደሴቷን ስም አልጠራም፤ ገና ሥራ ላይ ነኝ። በሕንድ ውቅያኖስ መካከል ናት። ሕዝቧ ክሪዮል ይባላል፤ ቋንቋውም ምግቡም ስሙ ያው ነው።

ከቤት የወጣሁ ለት እናቴ ማልዳ ተነስታ በቅቤ የራሰ ፍትፍት አቀረበችልኝ። ሁለት ጎርሼ ጠገብኩ አልኩ። እንደምታውቁት እኛ ዘንድ ጠገብኩ ማለት ለምኑኝ ማለት ነው። እናቴ «ብዪ እንጂ» አለች፤ እምቢ አልኩ። «በሞቴ» አለች፤ አንገቴን ደፋሁ። ሦስተኛውን፣ «አፈር ስሆን» የሚለውን ልትል ጉርሻውን ጠቅልላ እጇን ስትዘረጋ ወደ ማርቆስ የሚሄደው ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፋ። ተነስቼ ሮጥኩ። ጉርሻው እጇ ላይ ቀረ።

መጀመሪያ የሄድኩት ዓረብ አገር፣ ሰው ቤት ነው። አሠሪዎቼ ወደዚህች ደሴት ሲዛወሩ ከዕቃቸው ጋር እኔንም ይዘው መጡ፤ ተመልሰው ሲሄዱ ግን ዕቃውን ብቻ ይዘው ሄዱ። ያነሱኝ ማዳም ኦዲል የሚባሉ የደሴቷ ሴት ናቸው። ባሕሩ ዳር ሰባት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት አለቻቸው። ድስት አጣቢ አድርገው ወሰዱኝ፤ ወጥ ሠሪያቸው አግብታ ስትሄድ ደግሞ ምድጃው ፊት አቆሙኝ። ችግሩ፣ የሥራ ፈቃድ ለወጥ ሠሪ እንጂ ለድስት አጣቢ አይሰጥም። በሁለት ወር ውስጥ የአገሩን ምግብ መሥራት እንደምችል ካላሳየሁ መመለሴ ነው። ሁለቱ ታናናሽ እህቶቼ ማርቆስ ቤት ተከራይተው የሚማሩት በእኔ ነው። እኔ ከተመለስኩ እነሱም ደብተራቸውን አጥፈው ይመለሳሉ።

ማዳም ኦዲል «ጣዕሙን ሳታውቂ እንዴት ትሠሪዋለሽ?» ብለው እሑድ እሑድ የሌሎችን ምግብ ቤት ያዞሩኝ ጀመር። አገር ቤት ሳለሁ ምግብ ቤት ገብቼ የበላሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ማርቆስ፣ ከአጎቴ ጋር፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ። እዚህ ግድግዳም የለም። ሁሉም ክፍት ነው፤ ባሕሩ ሳይቀር ስትበሉ ያያችኋል።

በመጀመሪያው እሑድ የሻርክ ሳቲኒ ቀረበ። ዓሣው ተቀቅሎ ይደቅና በሽንኩርት፣ በእርድና በሎሚ ይታሻል። አስተናጋጇ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ እፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ወጉ ነውና «አመሰግናለሁ፣ ጠግቤያለሁ» ብዬ ልመናውን ጠበቅሁ። ሳህኑን አነሳችው። ማዳም ኦዲልም የራሳቸውን መብላት ቀጠሉ። እዚህ አገር ሰው ጠግቤያለሁ ሲል ያምኑታል።

በሁለተኛው እሑድ የቀረበው ካሪ የሚሉት የሌሊት ወፍ ወጥ ነበር። ያን ቀን የሚለምነኝ ባለመኖሩ አመሰገንኩ። በሦስተኛው ግን ፍሪያፔን መጣ። ከዛፍ የሚወርድ፣ ጭንቅላት የሚያክል ፍሬ ነው፤ በእሳት ሲጠበስ ድንች ነው ስትሉት ዳቦ ዳቦ ይላል። አፌ ውኃ ሞላ። «ጠግቤያለሁ» አልኩ፤ አፌ ለምዶበት። ወሰዱት። ቤት ገብቼ ደረቅ ዳቦ በሻይ በላሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ የደሴቲቱን ምግብ ሁሉ በአፍንጫዬ አወቅሁት።

እናቴ በደወለች ቁጥር ግን ጠግቤ አድራለሁ እላታለሁ። እዚህ ወጡ የሚሠራው በኮኮናት ወተት ነው፣ ከዛፍ ፍሬ ተጨምቆ፣ ስላት ተጨነቀች። «የጾም ነው የፍስክ?» አለችኝ። የንስሐ አባታችንን ጠይቃ መልሱን በሳምንቱ አመጣችልኝ፤ ላም እስካልነካችው ድረስ የጾም ነው።

ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ከማዳም ኦዲል ጋር ሄድን። ሰውዬው ቀና ብሎም አላየኝ።

«አገርሽ ባሕር አለው?»

የለውም አልኩ።

«ታዲያ የባሕር ምግብ ማን አስተማረሽ?»

ማዳም ኦዲል ቀደም ብለው «አፍንጫዋ» አሉት። ሰውዬው ጻፈው። ከዚያም ራሱ መጥቶ የኦክቶፐስ ካሪ ሳበስል እንደሚያይ ተናገረ።

ቀጠሮው ፍልሰታ ውስጥ ዋለ። አገር ቤት ጭቃና ጉም ነው፤ እዚህ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጾመኛ ነኝ። ኦክቶፐስ ደግሞ ስምንት እግር ያለው፣ ክንፍም ቅርፊትም የሌለው ፍጥረት ነው፤ በፍስኩም ለእኛ አይበላም። ግን እናቴ የፋሲካን ዶሮ ቅዳሜ በጾም አፏ ስትሠራ ጨዉን በሽታ ስትለይ አይቼ ነው ያደግሁት። ክዳኑን ከፈትኩ፣ አሸተትኩ፣ ቆንጠር አድርጌ ጨው ጨመርኩ፣ እንደገና አሸተትኩና ከደንኩ።

ሰውዬው በር ላይ ቆሞ «አትቀምሺም?» አለኝ። አሽትቻለሁ አልኩት። ያንንም ጻፈ።

በላ። ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ ጨረሰ። ማዳም ኦዲል ፈገግ ሲሉ አየሁና ልቤ ትንሽ ተመለሰ። ይሄኔ ሰውዬው ሌላ ሳህን ሞልቶ ወደ እኔ ገፋው።

«አሁን አንቺ ብዪ። የሠራውን የማይበላ ወጥ ሠሪ ያሠጋኛል።»

እህቶቼ በአንድ ወገን፣ ጾሜ በአንድ ወገን ቆሙ። አፌ ግን እኔን ሳይጠይቅ የለመደውን አለ፤ «አመሰግናለሁ፣ ጠግቤያለሁ።» ዓይኔን ጨፍኜ ልመናውን ጠበቅሁ። አንዴ ብቻ «ብዪ እንጂ» ቢለኝ ምን አደርግ እንደነበር ዛሬም አላውቅም።

«እሺ» አለና ፈረመ።

ሦስት እሑድ ያስራበኝ ነገር በአንድ ቃል ካሰኝ። ፈቃዱ የሁለት ዓመት ነው፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከደሴቷ መውጣት አይቻልም። ይህንን ያነበብኩት ማዳም ኦዲል አቅፈውኝ ከጨረሱ በኋላ ነው።

ጾሙ የተፈታ ቀን ፍሪያፔን ወዳየሁበት ምግብ ቤት ወሰዱኝ። ፍሪያፔኑም፣ ቅርፊት እንዳለው ጠይቄ ያረጋገጥኩት ጥብስ ዓሣም መጣ። «ጠግቤያለሁ» ከማለቴ እናቴ ደወለች። ፈቃዱን ነገርኳት፤ ሁለት ዓመቱንም። ለመስከረም ትመጣለች ብላ ትጠብቀኝ ነበር። ዝናቡ የቤታችንን ቆርቆሮ ሲደበድብ ይሰማኛል።

ቆይታ «ምን በላሽ?» አለችኝ።

«ቀርቦልኛል።»

«ታዲያ ለምን አትበዪም? የሚለምንሽ የለም?»

«እዚህ አይለምኑም፣ እማ።»

አስተናጋጇ መጥታ ሳህኑን ልታነሳ እጇን ዘረጋች። እኔም በአንድ እጄ ስልኩን፣ በሌላው ሳህኑን ያዝኩ። እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦

«የሺዬ፣ አፈር ስሆን ጉረሺ፤ ስልኩን አልዘጋም።»