የነፍስ አባታቸውን ያስገደፉት እትዬ አስካለ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ነው... አሰላ ብርዷን እንደ ጉድ ለቃዋለች። ልጄን አጥቤ በጋቢ ጠቅልዬ እንደያዝኳት በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ናቸው።

እትዬ የልጄ ክርስትና እናት ሊሆኑ ከተነጋገርን ቆይተናል። ሰማንያ ቀኗ በማግስቱ እሁድ ይሞላል። ሽንኩርቱ ተከትፏል፣ የባለቤቴ ዘመዶች ከበቆጂ ተነስተው መንገድ ላይ ናቸው። እሳቸው ግን ቁጭ እንኳ ሳይሉ...

«ልጄ፣ ሌላ ሰው ፈልጊ» አሉኝ።

«ምነው እትዬ? አሞዎት ነው?»

«አላመመኝም። በዚህ እጄ ልጅሽን ከጸበል አልቀበልም።»

ክው አልኩ። በአንድ ቀን ክርስትና እናት ከየት ይመጣል? መጀመሪያ ተናደድኩ፣ አልዋሽም። ኋላ ፊታቸውን ሳይ ዓይናቸው አብጧል፣ ከንፈራቸው ደርቋል። ድግሱን ተውኩትና በግድ አስቀምጬ አወጣጣኋቸው።

ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። በዓለ ሃምሳ እንዳለቀ፣ በመጀመሪያው ረቡዕ፣ የነፍስ አባታቸው መምሬ ቤታቸውን ጸበል ሊረጩ ይመጣሉ። ሃምሳውን ቀን ሙሉ ረቡዕ የለ ዓርብ የለ ቅቤ ስንበላ አልከረምን? የእትዬም እጅ ለምዶበት ሽሮው ላይ ቅቤውን ጣል አደረገው። ቅቤ ደግሞ ሲጨምሩ አይሰስቱም። አቀረቡ፣ አጎረሱ፣ ደግመው አጎረሱ። መምሬም በልተው፣ መርቀው ሄዱ።

እትዬ ሳህኑን ሊያጥቡ ሲያነሱ የአሰላ ብርድ ቅቤውን አርግቶት ቁጭ ብሏል። ቀኑ ረቡዕ መሆኑ ትዝ ያላቸው ያኔ ነው።

«ራሴ ብገድፍ ደግ ነበር» አሉኝ። «እኔ እኮ ቄስ ነው ያስገደፍኩት። ያውም የሰኔ ጾም ገብቶ።»

ሳቄ መጣ። ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩት።

«ታዲያ ሄደው ለምን አይናዘዙም?»

«ለማን? ላስገደፍኳቸው ለራሳቸው? ጉንፋን ይዟቸው ስለነበር አላወቁም። ብነግራቸው እሳቸውን ጭንቅ ውስጥ ልከታቸው፣ ባልነግራቸው ደብቄ ልቁረብ... በየት በኩል ልውጣ ልጄ?»

ከዚያ ወዲህ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ አይገቡም፣ ከውጭ ተሳልመው ይመለሳሉ። መምሬን ከሩቅ ካዩ በሌላ መንገድ ይታጠፋሉ። እኔ ደግሞ ጎረቤት ሆኜ ምንም አላየሁም። ሳቄ ድራሹ ጠፋ።

ልጄን አዘልኩ፣ እትዬን እየጎተትኩ ባጃጅ ውስጥ አስገባሁና መምሬ ቤት ሄድን። መምሬ ጓሯቸው ጎመን ሲኮተኩቱ አገኘናቸው። እጃቸውን ጠራርገው መስቀላቸውን ከኪሳቸው ሲያወጡ እትዬ ሳይሳለሙ እግራቸው ላይ ወደቁ። እኔ ፈንጠር ልል ብዬ ነበር፣ ግን ነጠላዬን ጨብጠው አልለቅም አሉ። እያለቀሱ ሁሉንም ዘረገፉት።

መምሬ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«አስካለ፣ ጉንፋን የያዘው አፍንጫዬን ነው እንጂ ምላሴን ነው እንዴ? ከመጀመሪያው ጉርሻ ነው ያወቅኩት።»

እትዬ ቀና አሉ። «አውቀው ነው የበሉት?»

«ልነግርሽ አፌን ስከፍት ሌላ ጉርሻ ጨመርሽበት። ፊትሽን ሳየው ደስ ብሎሻል... ያን ጊዜ ብነግርሽ ዳግመኛ እንግዳ ቤትሽ አታስገቢም። ዝም ብዬ በላሁ።»

«እንግዲያው ቀኖናዬን ይስጡኝ። ጹሚ ይበሉኝ፣ ስገጂ ይበሉኝ።»

«የለም።»

«እንዴት የለም?»

«ተሰግዷላ። በማግስቱ ለእኔ ነፍስ አባት ሄጄ ተናገርኩ። ስገድ አሉኝ፣ ሰገድኩ። ያንቺንም አብሬ ሰገድኩልሽ።»

እፎይ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ እትዬ ተቆጡላችሁ። እንባቸውን ጠርገው ብድግ አሉ።

«ጥፋቱ የኔ፣ ስግደቱ የእርስዎ? በዚህ ጉልበትዎ? ይሄማ አይሆንም አባቴ። የራሴን ለራሴ ይስጡኝ።»

መምሬ ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ የእኔ ትንሿ ስግደት እንዲህ ከከበደችሽ... ጌታ በመስቀል ላይ የከፈለልሽን እንዴት አድርገሽ ልትቀበዪው ነው?»

እትዬ ቀስ ብለው ተንበረከኩ። ልጄ ጀርባዬ ላይ ተኝታለች፣ እኔ ጎመን መሀል ቆሜ አለቅሳለሁ። መምሬ መስቀሉን እትዬ ራስ ላይ አድርገው «እግዚአብሔር ይፍታሽ። ነገ ሕፃኗን ተቀበዪ» አሏቸው።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ነን። ሰፈራችን ልንደርስ ስንል እትዬ ጠጋ አሉኝ።

«ልጄ... ትንሽ ብቻ ብሰግድስ?»

«አለቀ እኮ ተባሉ እትዬ።»

«እሱማ ሰምቻለሁ። እንዲያው በነጻ ሲሆን ጊዜ ጨነቀኝ።»

እሁድ ልጄ ከጸበሉ ስትወጣ ጩኸቷ ሌላ ነበር። እትዬ አስካለ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሏት፣ ከሷ ብሰው አለቀሱ።

እኛ ሰዎች ግን... ሆዳችን እየጮኸ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ማለት ለምዶብን፣ ምሕረት ሲቀርብልንም እንግደረደራለን።