አረንጓዴ ፊት ያላት ሴትዮ

ትናንት ከቀትር በኋላ አንዲት አረንጓዴ ሴትዮ ታቅፌ በጀጎል ጠባብ መንገድ ስሄድ የገጠመኝን ስሙኝ...

ባለቤቴ ፋጡማ ከሞተች ወዲህ መልኳ እየጠፋብኝ ነው። ፎቶ መነሳት አትወድም ነበር፤ አንድም የላትም። ድምጿ አለ፣ አረማመዷ አለ... ፊቷ ግን ጭጋግ ውስጥ እንዳለ ሰው ብዥ ይልብኛል። ራሴ ልሣላት ብዬ፣ ማንንም ሳላማክር፣ ሸዋ በር አካባቢ ሥዕል የምታስተምር ልጅ ዘንድ ተመዘገብኩ። ፊደል በስተርጅና የቆጠርኩ ሰው ሥዕል ያቅተኛል እንዴ?

መምህሯ ግን «መጀመሪያ እጅዎ ይፍታታ» ብላ አስመስዬ እንድሠራው የፈረንጅ ሥዕል ሰጠችኝ። ሰማዩ ቀይ፣ ቤቶቹ የተንጋደዱ፣ መሃል የቆመችው ሴትዮ ፊት ደግሞ አረንጓዴ!

«ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ አሟታል?»

«አይ አባባ፣ ኤክስፕሬሽኒዝም ይባላል። ሠዓሊው ዓይኑ ያየውን ሳይሆን ልቡ የተሰማውን ነው የቀባው።»

«ወላሂ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬ አረንጓዴ ሰው አላየሁም!»

ጠይም አድርጌ ቀባኋት። አስፋቀችኝ። አሁንም ጠይም አደረግኳት። አሁንም አስፋቀችኝ። በመጨረሻ በንዴት አረንጓዴውን እንደ ግድግዳ ቀለም ለጠፍኩበት።

ስወጣ «አባባ፣ የዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅም፣ እዚሁ ይተዉት» አለችኝ። ለእኔ ነው ይሄ የሚነገረው? ረመዳን በመጣ ቁጥር ግድግዳ ሲቀባ ሳይ ለኖርኩት? ጠዋት የተቀባ ለዙሁር ሶላት ይደርቃል። ታቅፌው ወጣሁ።

ሁለት ሰው ሳይነካካ የማያልፍበት መንገድ ላይ ስደርስ ከፊት ለፊቴ ዘይቱና መጣች፣ የፋጡማ ታናሽ እህት። ተኳርፈናል። ከረመዳን በፊት ቤታችንን የምትቀባው ፋጡማ ነበረች። ከሷ በኋላ ዘይቱና «እኔ ልቀባልህ» ስትለኝ «የሷ እጅ ያረፈበትን ማንም አይነካም» ብዬ አባርሬያታለሁ።

«አቦ ተመለስ አንተ! ዘንቢል ተሸክሜ አታይም?»

«አንቺ ተመለሺ! እኔም ሰው ተሸክሜያለሁ።»

ሁለታችንም አልተመለስንም። ሥዕሉን ትከሻዬ ላይ ከፍ አድርጌ እየተጋፋን አለፍን... ዞር ስትል ግማሽ ጉንጯ አረንጓዴ!

ልስቅ አፌን ከፈትኩ። ሳቁ አልወጣም።

ፋጡማ ናት የቆመችው። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ፣ ጉንጯ ላይ የግድግዳችን አረንጓዴ ተረጭቶ፣ «ቆመህ ከምታየኝ ባልዲውን አቀብለኝ!» ስትለኝ... ቅንድቧ፣ ስትቆጣ የምትሸበሽበው አፍንጫዋ፣ ሁሉም መጣልኝ።

«ምን ታፈጥብኛለህ? ፊቴ ምን ሆነ?»

«አትጥረጊው» አልኳት። «ትንሽ ቆዪ... አትጥረጊው።»

ጉንጯን በጣቷ ነካ አድርጋ ቀለሙን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«የቤታችሁ ቀለም» አለች ቀስ ብላ።

ይህን ስጽፍ ዘይቱና መሰላል ላይ ሆና ግድግዳውን እየቀባች ነው። እየተሳደበች። እኔ ባልዲ አቀብላለሁ። ሥዕሉ ላይ የሴትዮዋ ፊት ተፍቋል፤ በቦታው ማንን እንደምሥል አውቃለሁ፣ በምን ቀለም እንደሆነም አውቃለሁ።

ለመምህሯ ግን አረንጓዴ ሰው አይቻለሁ አልላትም... ያሸነፈችኝ ይመስላታል።