ኮች ሃልቨርሰን ቢሮ የቆሙት ሽማግሌዎች

ሴንት ፖል ውስጥ አሳምነውን የማያውቅ ሐበሻ ካለ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ነው። ዘመኑ የፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነው፤ ሐበሻው ገና ጥቂት፣ አንዱ የሌላውን መኪና በድምፁ የሚለይበት። ባልና ሚስት ተኳርፈዋል ከተባለ አሳምነው ጃኬቱን ለብሷል። ሁለት ባለታክሲዎች ተጣሉ ከተባለ አሳምነው መኪናውን እያሞቀ ነው። ሚስቱ ብዙነሽ፣ «ሰዉ የሚጣላው አንተን ለማስደሰት ነው እንዴ?» ትለዋለች። እውነትም ሰው ሲታረቅ ማየት ለሱ ከሠርግ ይበልጥበታል።

እንጀራው ግን ሌላ ነው። አንድ ኮሌጅ ውስጥ፣ የባስኬትቦል ሜዳው ሥር፣ ጨዋታ ሲያልቅ አሰልጣኙ ለጋዜጠኞች መግለጫ የሚሰጥበትን ክፍል ያዘጋጃል። ወንበር ይደረድራል፣ ማይክ ይተክላል፣ ውሃ ያስቀምጣል። ኳሱን አታንሱበት። አንዱ ቅርጫት ሁለት ነጥብ፣ ሌላው ሦስት ለምን እንደሆነ ቢያስረዱት፣ «ሁለቱም ገብቷል አይደል? ምን አጣላቸው?» ብሎ አረፈው።

አሰልጣኙ ኮች ሃልቨርሰን ነው። ፊቱ በየአውቶቡሱ ጎን ተለጥፎ መኪና ግዙ ይላል፤ ድምፁ ጠዋት ጠዋት በሬዲዮ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ እሱን ቀና ብሎ የሚናገር የለም። ጋዜጠኞቹንማ ተዋቸው። ሽበታሞቹን፣ «ቦብ፣ ጀርባህ ተሻለህ?» እያለ ያሽሞነሙናቸዋል። አዲስ ሰው ሲጠይቀው ግን ውሃውን ያነሳል፣ ይጎነጫል፣ ክዳኑን ቀስ ብሎ ይገጥማል፣ ከዚያ በአፍንጫው፣ «እእ... ይሄ ጥያቄ ነው ወይስ ንግግር?» ይላል። ቡድኑ የተሸነፈ ቀን ደግሞ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያውቀው፤ «ቀጣይ!»

እንግዲህ ከዚህ ሰውዬ ፊት ነው ዙለይሃ የተቀመጠችው። ዙለይሃ የከሚሪያ ልጅ ናት፤ አሳምነው ከሚኖርበት ሕንፃ ታችኛው ፎቅ። ከወሎ ተነስተው በሱዳን አድርገው ሲመጡ ሕፃን ነበረች፤ አሁን እዚያው ኮሌጅ ትማራለች፣ የተማሪዎቹ ጋዜጣ ላይ ስለ ባስኬትቦሉ ትጽፋለች። ሻሿን ጠቅልላ፣ ቴፕ ሪከርደሯን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ስትቀመጥ፣ አሳምነው የሷን ወንበር ለብቻው ይወለውለው ነበር።

ያን ቀን ቡድኑ ሲመራ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ተንዶ ተሸነፈ። ዙለይሃ እጇን አወጣች።

«ሲደክማቸው እያየህ ለምን ታይም አውት ጠርተህ አላሳረፍካቸውም?»

ኮቹ ውሃውን አነሳ፣ ተጎነጨ፣ ክዳኑን ገጠመ። «የኔ እመቤት፣ ኳስ በእጅሽ ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«አላውቅም» አለች ዙለይሃ። «የጠየቅኩት ግን ስላንተ ነው።»

«ቀጣይ!»

ከዚያ ወዲያ እጇን እስከ ጣሪያ ብታወጣ ኮቹ አያያትም። ከሷ ፊትም ከሷ ኋላም ይጠራል፤ እሷን እንደ መስኮት ያልፋታል። ሁልጊዜ ከጨዋታ በኋላ ቤቷ የሚያደርሳት አሳምነው ነውና አንድ ማታ መኪና ውስጥ ነገረችው።

«ኤዲተሬ ኮቹ ካልመለሰልሽ ምን ትሠሪልኛለሽ አለኝ። ባስኬትቦሉን ለሌላ ሰው ሊሰጥብኝ ነው፤ እኔን የዋና ውድድር ላይ ሊያደርገኝ።»

«ዋና ምን አለው? ንጹሕ ስፖርት ነው።»

«ጋሽ አሳምነው! ይሄን ባስኬትቦል የመጻፍ ቦታ ለማግኘት ሁለት ዓመት ነው የለመንኩት፤ በላቤ ያገኘሁት ነው፣ አይ ኧርንድ ኢት!» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

አሳምነው መንገድ መንገዱን እያየ ነዳ። ብዙነሽ እንደምትለው እሱ ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው። በልቡ፣ ሁለት ሰዎች ተኳርፈዋል፣ ሽማግሌ አልገባም፤ ነገሩ ይኸው ነው ብሏል። ፈረንጅ ጋ ሽማግሌ እንደማይላክ ማን ይንገረው?

ብዙነሽ ነገረችው። «ሥራህን አስበልተህ ልትመጣ ነው!» አለችው።

አልሰማም። ሌክ ስትሪት ሱቅ ያላቸውን ጋሽ ነጅሙዲንን ያዘ። የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቁትን ጋሽ መገርሳን ያዘ፤ ጉልበታቸውን በቅርቡ ኦፕራሲዮን ተደርገው ነበር፣ ግን ሽምግልና ከተባለ በቃሬዛም ይመጣሉ። ለዙለይሃ ትንፍሽ አላሉም። በጠራራ ፀሐይ፣ ፀሐይ ስላችሁ የሚኒሶታ ጥር ፀሐይ ነው፣ የሚያበራ እንጂ የማያሞቅ፣ ሦስቱም ሱፍ በሱፍ ሆነው ኮቹ ቢሮ ገቡ። ጸሐፊዋ አሳምነውን ስለምታውቀው ምንም አላለችም።

ኮች ሃልቨርሰን ሲያያቸው ፊቱ በራ። ያ መግለጫ ላይ የምታውቁት ሰውዬ ጠፋ! ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጣቸው፤ ዶናት አስመጣ። «ቁጭ በሉ፣ ቁጭ በሉ! ሳም፣ ቤተሰቦችህ ናቸው?»

«ጉዳያችን ሳያልቅ አንቀመጥም ይላሉ» አለ አሳምነው።

«ግድ የለም። ልጁ ቁመቱ ስንት ነው?»

«የቱ ልጅ?»

«እንዳጫውተው ልትሰጡኝ የመጣችሁት!»

ለካ ኮቹ ረጅም ልጅ ያላቸው አባቶች መስለውት ነው። ጋሽ መገርሳ፣ «ምን አለ?» አሉ። አሳምነው ነገራቸው። «አጭር ናት በለው። ሴት ናት፣ አጭር ናት፣ አኩርፈሃታል በለው» አሉ ጋሽ መገርሳ።

ተባለ። የዙለይሃ ስም ሲነሳ የኮቹ ፊት ላይ ያ መብራት ጠፋ።

«እሷ ናት የላከቻችሁ?»

«ብታውቅ ትገድለናለች» አለ አሳምነው።

«ሳም፣ ያ ክፍል የኔ ክፍል ነው። የፈለግኩትን እመልሳለሁ፣ ያልፈለግኩትን እተዋለሁ።»

ጋሽ ነጅሙዲን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ውደዳት አላልንም። እሷም አትውደድህ። ሰው ጠይቆ መልስ ሲያጣ ግን ከግድግዳ ጋር እንደማውራት ነው፤ አንተ ደግሞ ግድግዳ አይደለህም በለው።»

ኮቹ ወንበሮቹን በእጁ አሳያቸው። ሽማግሌዎቹ ግን አልተቀመጡም። እሱም ደግሞ የሉተራን ገበሬ ልጅ ነውና ሽማግሌ ቆሞ እሱ ቁጭ ማለት አልሆነለትም፤ እንደቆመ ቀረ። ዶናቱ መሀል ላይ፣ አራት ሰው ዙሪያውን ቆሞ። ስልኩ ጮኸ፣ ዝም አለ። የጋሽ መገርሳ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጠው ግንባራቸው ላብ አወጣ።

«እባክዎ ይቀመጡ» አለ ኮቹ።

«ሲያልቅ» አሉ ጋሽ መገርሳ። ይቺንስ ራሳቸው በእንግሊዝኛ ነው ያሏት።

ኮቹ ጉልበታቸውን አየ፣ ጣሪያውን አየ። «እሺ! እመልስላታለሁ! አሁን ለእግዜር ብላችሁ ተቀመጡ!»

ተቀመጡ። ጋሽ መገርሳ እጃቸውን ዘርግተው፣ ልጆችህ ይባረኩ፣ ቤትህ ይሙላ፣ ጠላትህ ይውደቅ፣ እያሉ ረጅም ምርቃት አወረዱት። አሳምነው፣ «ጉድ ለክ ይሉሃል» ብሎ ተረጎመው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ ነበር። አሳምነው ግን ዕርቅ በአንድ ወገን አያልቅም ባይ ነው፤ ትልቅ ሰው ሲሸነፍ ለክብሩ አንድ ነገር ይጣልለታል። ልማዱ ነው፣ አፉ ቀደመው። «እሷም ልጅ ናትና መጥታ ይቅርታ ትጠይቅሃለች» አለ።

ኮቹ ፈገግ አለ። «ጥሩ። በሰው ፊት ትጠይቀኝ።»

ዙለይሃ ይህን የሰማችው ሕንፃቸው ደረጃ ላይ ነው። መጀመሪያ ሽማግሌ መላኩን ሰምታ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። «ልትድሩኝ ነው እንዴ?» አለች። ቀጥሎ የይቅርታውን ስትሰማ እጇን አወረደች። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

«ምን አጥፍቼ ነው ይቅርታ የምጠይቀው?»

«ምንም። ለስሙ ነው እንጂ...»

«ጋሽ አሳምነው፣ ስለጠየቅኩ ይቅርታ ካልኩ፣ ከዚያ በኋላ እዚያ ክፍል ውስጥ ማን ነኝ? ዋና ይሻለኛል።» ብላ በሯን ዘጋች።

አሳምነው ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። በሽምግልና ዕድሜው ቃሉ ታጥፎ አያውቅም። ቃሉን ቢይዝ ልጅቷን ይሰብራል፤ ቢያጥፍ ኮቹ እሱም የሱን ያጥፋል፣ ባስኬትቦሉ ይሄዳል። ብዙነሽ ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ «የሰው ይቅርታ ምን ቤትህ ነው? ያንተን ስጥ» አለችው።

የሚቀጥለው ጨዋታ አለቀ፤ ቡድኑ አሁንም ተሸንፏል። አሳምነው ማይኩን ተክሎ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀ። ኮቹ ፊቱ ቀልቶ መጣ።

«ኮች፣ ይቅርታው ቀርቷል። የሷ ነው፣ እኔ ልሰጥህ አልችልም ነበር። እኔ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ፣ ያልሰጠችኝን በስሟ ቃል በመግባቴ።»

«ስለዚህ ውላችን ፈርሷል?»

«በኔ በኩል ፈርሷል። ባንተ በኩል አንተ ታውቃለህ።»

ኮቹ ትክ ብሎ አየውና ገባ።

ቦብ ጠየቀ፣ ተመለሰለት። ሌላ ጠየቀ። ዙለይሃ እጇን ከመጀመሪያው ጀምሮ አላወረደችም። አሳምነው በሩ ላይ ቆሞ የውሃ ካርቶን አቅፏል። ኮቹ ውሃውን አነሳ፣ ተጎነጨ፣ ክዳኑን ገጠመ። ከዚያ በጣቱ ወደ ሁለተኛው ረድፍ አመለከተ።

«እሺ፣ አንቺ።»

ዙለይሃ ተነሳች። አንድም ቃል ሳትለውጥ ያንኑ የድሮውን ጥያቄ ጠየቀች። «ያን ቀን ሲደክማቸው እያየህ ለምን ታይም አውት ጠርተህ አላሳረፍካቸውም?»

የሳቀ የለም።

«ታይም አውቱ አልቆብኝ ነበር» አለ ኮቹ። «የመጨረሻውን ቀደም ብዬ፣ ዳኛው ላይ ለመጮህ ጠርቼ አባከንኩት። ስህተቱ የኔ ነው፣ የልጆቹ አይደለም።» ጋዜጠኞቹ ሁሉ አቀርቅረው ጻፉ። «ቀጣይ!»

ሰዉ ወጥቶ አልቆ፣ አሳምነው ወንበሮቹን እያነሳ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሲደርስ ዙለይሃ አልተነሳችም። ቴፑን ወደ ኋላ እየመለሰች፣ እያዳመጠች ትጽፋለች። እሱን እንኳ ቀና ብላ አላየችውም፤ ኩርፊያዋ ገና ነው። ኤዲተሯ ግን ነገሩን ሰምቶ በክፍሉ ስልክ ደውሎላት፣ ኮቹ ለሷ የመለሰውን ፊት ገጹ ላይ እንደሚያወጣውና የሚቀጥለውንም ጨዋታ እሷው እንደምትሸፍን ነግሯታል።

«ጋሽ አሳምነው» አለች፣ ብዕሯን ሳታቆም። «መኪናውን አሙቀው፤ አሁን እመጣለሁ፣ አይል ቢ ራይት ዚር።»

አሳምነው ወንበሯን እዚያው ትቶላት ወጣና መኪናውን አስነሳ።